አይብ ከፎርማጆ ሁሉ ይበልጣል? ካልሲየሙ ከአጓቱ ጋር ወርዷል

«አይብ ከፈረንጅ ፎርማጆ ሁሉ ይበልጣል» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ጸሐፊው ከሱሉልታና ከሰንዳፋ፣ ከሆለታና ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ የሚገባውን የገበሬ አይብ ያወድሳል፤ የሱፐርማርኬቱን ጎዳ፣ ፕሮቮሎን፣ ሞዛሬላና ፌታ ደግሞ ባንድ ላይ ያወግዛል። የአይብ ፍቅሩን እንጋራዋለን። ግን ካነሳቸው ሰባት ነጥቦች አንዱ ልክ ነው፣ አንዱ ግማሽ ልክ ነው፣ የቀሩት አምስቱ ስተዋል። ከአምስቱ አንዱን አምኖ የተከተለ ሰው ሊታመምም ይችላል። በእሱ ቅደም ተከተል እንሄዳለን፤ ጊዜ የሌለው አንባቢ ግን ሦስተኛውን ያስቀድም።

«አይብ የወተት ጭማቂ ስለሆነ ካልሲየሙ ከየትኛውም ፎርማጆ ይበልጣል» ይላል የመጀመሪያው።

አይበልጥም። ምክንያቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። ወተት ውስጥ ካለው ካልሲየም ሁለት ሦስተኛው ያህል ኬሲን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ወተቱ እርጎ ሆኖ እየኮመጠጠ ሲሄድ አሲዱ ይህን ካልሲየም ከኬሲኑ ያላቅቀዋል፤ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) 4.6 አካባቢ ሲደርስ ካልሲየሙ ሟሙቶ ውኃው ውስጥ ገብቷል። ከዚያ እርጎው ተንጦ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው ለብ ባለ እሳት ላይ ይጣዳል፣ የረጋው ይጠለላል። ፕሮቲኑ ሻሹ ላይ ሲቀር ካልሲየሙ ከአጓቱ ጋር ይወርዳል።

ጎዳና ቼዳር የሚረጉት በሌላ መንገድ ነው። ወተቱ ገና ሳይኮመጥጥ፣ ፒኤቹ 6.5 አካባቢ እያለ፣ ሬኔት የሚባል ኢንዛይም ይጨመርበታል። ድሮ ከጥጃ ጨጓራ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ከረቂቅ ሕዋሳት የሚመረት ነው። አሲድ ስላልቀደመው ካልሲየሙ የረጋው ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ በ100 ግራም ሲለካ ፓርሜዛን ከ1,100 ሚሊግራም በላይ፣ ኤመንታል 800 ገደማ፣ ፕሮቮሎን 750፣ ጎዳና ቼዳር 700፣ ሞዛሬላ 500፣ ፌታ 490 ያህል ካልሲየም አላቸው። እንደ አይብ በአሲድ የሚረጋው ኮተጅ ቺዝ ያለው 80 አካባቢ ብቻ ነው። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 1,000 ሚሊግራም ያህል ነው።

እርግጥ 100 ግራም ጎዳ ባንድ መቀመጫ የሚበላ ሰው ጥቂት ነው፤ 100 ግራም አይብ ግን ሁለት ጭልፋ ሳይሞላ ያልቃል። በሚበላው ልክ ብናወዳድረውም ውጤቱ አይገለበጥም። 30 ግራም ጎዳ፣ ማለትም አንድ ወፈር ያለ ቁራጭ፣ 210 ሚሊግራም ካልሲየም ይሰጣል። አይብን እንደ ኮተጅ ቺዝ ብንቆጥረው፣ ያንን ከአይብ ለማግኘት ሩብ ኪሎ ያህል መብላት ያስፈልጋል። ጸሐፊው ለአጥንት ጥንካሬ ሲል የሚያወድሰው «ጎመን በአይብ» እንኳ ካልሲየሙን በአብዛኛው የሚያገኘው ከጎመኑ ነው። ከያበሻ ጎመን ጋር የሚዛመደው ኮላርድ ተቀቅሎ በ100 ግራም 140 ሚሊግራም ያህል አለው፤ የዚህ ቤተሰብ ቅጠሎች ደግሞ እንደ ቆስጣ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዝ ኦክሳሌት ስለማይበዛባቸው ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ካልሲየም ፈልጎ አይብ ላይ መተማመን ላም አለኝ በሰማይ ነው። የሚፈልገው ሰው ወተቱን ወይም ያልተናጠውን እርጎ ይጠጣ፤ አንድ የ250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ 300 ሚሊግራም ያህል ይዟል፤ ከእርጎ ምንም ተጠሎ አልወጣምና።

«አይብ ስብ የለውም፤ ፎርማጆ ሁሉ የልብ ቧንቧ ይዘጋል።»

ግማሽ ልክ ያልነው ይህን ነው። ኢልካ ይባል የነበረው፣ የዛሬው ኢልሪ (ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም)፣ ባሳተመው የገጠር ወተት አያያዝ መመሪያ መሠረት አይብ 79.5 ከመቶ ውኃ፣ 14.7 ከመቶ ፕሮቲን፣ 1.8 ከመቶ ስብ ነው። ጎዳ 27፣ ቼዳር 33፣ ሞዛሬላ 22 ከመቶ ስብ አላቸው። እዚህ ላይ አይብ በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል። ጸሐፊው ሳያነሳው የቀረ ሌላ ድልም አለው፤ ፕሮቲኑ። በ100 ግራም ሲታይ ጎዳ 25 ግራም፣ አይብ 15 ግራም ስለሆነ አይብ የተሸነፈ ይመስላል። በካሎሪ ሲለካ ግን ይገለበጣል። 100 ካሎሪ ከአይብ የወሰደ ሰው 16 ግራም ያህል ፕሮቲን ያገኛል፤ ከጎዳ የወሰደ 7 ግራም። ክብደት መቀነስ ለሚፈልግ፣ ከሕመም ለሚያገግም፣ ጥርስ ለሌላቸው አዛውንት የአይብን ያህል የተመቸ የፕሮቲን ምንጭ ሠፈር ውስጥ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ችግሩ አይብ ብቻውን የሚቀርበው ስንቴ ነው የሚለው ነው። ከክትፎ ጋር የሚመጣው አይብ በንጥር ቅቤ ታሽቷል፣ ኮሰረትና ሚጥሚጣ ገብቶበታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 14 ግራም ያህል ስብ ነው። 150 ግራም አይብ ላይ ሁለት ማንኪያ ቢገባ የሳህኑ ስብ ከ3 ግራም ወደ 30 ግራም ይዘላል፤ 100 ግራም ጎዳን አለፈ ማለት ነው። ከእርጎው ስንት ተደክሞበት የተናጠ ቅቤ በማንኪያ ተመልሶ ገባ።

«ቧንቧ ይዘጋል» የሚለውም እንዲሁ በጅምላ የሚባል አይደለም። በምርምር ሰዎች ያንኑ ያህል ስብ ከቅቤና ከቺዝ እንዲበሉ ተደርጎ ሲነጻጸር፣ ቺዝ የበሉት ላይ ኤልዲኤል የሚባለው ጎጂ ኮሌስትሮል ከቅቤ በሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አንዱ ማብራሪያ ካልሲየሙ ከፊሉን ስብ አንጀት ውስጥ ይዞ ከሰገራ ጋር ያወጣዋል የሚል ነው። ይህ ማለት ፎርማጆ እንደ ልብ ይበላ ማለት አይደለም፤ 30 ግራም ቼዳር 6 ግራም ያህል የረጋ (ሳቹሬትድ) ስብ አለው፣ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ደግሞ ጣሪያው 22 ግራም ገደማ ነው። ፒዛ ላይ የሚቀልጠው ሁሉ ቺዝ አለመሆኑም ይታወቅ። ከአትክልት ዘይትና ከስታርች የሚሠራ አስመሳይ አለ፤ ማሸጊያው ላይ «የፓልም ዘይት» የሚል ካነበባችሁ እዚህ የጻፍነው ቁጥር አንዱም አይመለከተውም።

«አይብ እሳት ላይ ስለሚጣድ ጀርም የለበትም፤ ለነፍሰ ጡርም ለሕፃንም ይሰጣል።»

ይህ አደገኛ ነው። አይብ ይጣዳል፣ አይፈላም። አሬራው የሚሞቀው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ 50 አካባቢ። ወተት ከበሽታ አምጪዎች ጸዳ የሚባለው 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ወይም 72 ዲግሪ ላይ 15 ሴኮንድ ሲቆይ ነው። 50 ዲግሪ ፕሮቲኑን ለማርጋት ይበቃል፤ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያን ለመግደል አይበቃም። ነቀርሳን ያነሳነው ለማስፈራራት አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ዘመናዊ የወተት እርባታዎች ወደ 3,000 የሚጠጉ ከብቶችን መርምሮ 30 ከመቶው ላይ የከብት ቲቢ ምልክት አግኝቷል። ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያም አለ፤ ላሟን የሚያስወርድ፣ ሰውን ደግሞ ለወራት በሚመላለስ ትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም የሚያሠቃይ። የአይብ ኮምጣጣነት እነዚህን ያዳክማል፤ ጨርሶ ያጠፋቸዋል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም።

ሁለተኛው በር የሚከፈተው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፦ ያልታጠበ እጅ፣ ከጉድጓድ ውኃ የታለቀለቀ ሻሽ፣ ሳይለበለብ የተጠቀለለበት ኮባ። አይብ እርጥብ ነው፣ ጨውም የለውም፤ ስለዚህ የገባበትን ሁሉ ያስተናግዳል።

ሦስተኛውን አደጋ እሳትም አያጠፋውም። አፍላቶክሲን በሻጋታ ከተበላሸ መኖ፣ በእኛ አካባቢ በተለይ ከኑግ ፋጉሎ፣ ወደ ላሟ ከዚያም ወደ ወተቱ የሚያልፍ መርዝ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ አግኝቶታል፤ የአውሮፓ ኅብረት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ ከ0.05 ማይክሮግራም በሊትር፣ በታች የነበሩት 9 ብቻ ናቸው። ይህ መርዝ ኬሲን ላይ ስለሚጣበቅ ፎርማጆም አይብም ውስጥ ከወተቱ ይልቅ ተጠናክሮ ይገኛል። ማፍላት አያጠፋውም፣ ማርጋትም አያጠፋውም። መፍትሔው በረቱ ላይ ነው፦ ፋጉሎውን መሬት ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ በደረቅ ቦታ መቆለል፣ ሻጋታ የያዘውን መጣል፣ በክረምት ብዙ አለማከማቸት። ይህን የምንለው «የገበሬ» የሚለው ቃል ብቻውን ንጽሕና ማረጋገጫ ስላልሆነ ነው።

ታዲያ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን የሚሰጥ አይብ እንዴት ይሠራ? ወተቱ ከመርጋቱ በፊት መፍላት አለበት። ሱሉልታ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወተት 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ስለሆነ አያሳስብም። እያማሰሉ አንዴ ገንፍሎ ሊወጣ ሲል ማውረድ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀጥሎ ነው። የፈላ ወተት እንደ ጥሬው ራሱን በራሱ አያረጋም፤ አርጊዎቹ ባክቴሪያዎችም አብረው ሞተዋልና፣ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ይመራል ወይም ይዝለገለጋል። እርሾ ይፈልጋል። እርሾው ደግሞ ጎረቤት ካለ የጥሬ ወተት እርጎ ከመጣ የሸሹትን ጀርም በማንኪያ መልሶ ማስገባት ነው። ስኳርና ጣዕም ያልገባበት፣ ፓስቸራይዝ ከተደረገ ወተት የተሠራ የታሸገ እርጎ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። የፋብሪካ እርጎ ባክቴሪያ ሙቀት ወዳድ ስለሆነ ወተቱ 42 ዲግሪ ላይ ሲደርስ፣ ጣት ነክረው ሞቅ ብሎ ሳያቃጥል፣ ይጨመርና ድስቱ በጋቢ ተጠቅልሎ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ይቀመጣል። በሐምሌ ብርድ ሳይጠቀለል ቢተው እስከ ማግስቱም ላይረጋ ይችላል።

ከረጋ በኋላ ቀዝቀዝ ብሎ፣ 18 ዲግሪ አካባቢ፣ ይናጣል። ሞቆ ከተናጠ ቅቤው ይልማል፣ ከፊሉም አሬራው ውስጥ ይቀራል። (ስቡ በፋብሪካ የተፈጨ ወተት ከሆነ ቅቤ ለማውጣት አትድከሙ፤ አይወጣም። ሳይናጥ ወደ አይብ ይሂድ፣ ስቡ ግን ይበዛል።) አሬራው በለስላሳ እሳት 50 እስከ 60 ዲግሪ ደርሶ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ አይማሰልም፣ ዳር ዳሩን ብቻ መግፋት ይቻላል። ከዚያ ቀዝቅዞ በተቀቀለ ሻሽ ይጠለላል፤ ሦስት አራት ሰዓት ይበቃዋል።

አጓቱ ሥራው መሳካቱን ይናገራል። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ሆኖ ከጠራ ፕሮቲኑ ሻሹ ላይ ቀርቷል። እንደ ወተት ነጭ ከሆነ ፕሮቲኑ እየፈሰሰ ነው፤ ወይ እርጎው በቅጡ አልኮመጠጠም፣ ወይ አሬራው አልሞቀም። አይቡ እንደ አሸዋ ከሻከረ ወይም እንደ ጎማ ከተሳበ እሳቱ በዝቷል። በዚህ መንገድ ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ያህል አይብ ይጠበቃል። ፍሪጅ ውስጥም ከአምስት ቀን በላይ አይቆይ። ከገበያ የተገዛ፣ ወተቱ መፍላቱ ያልታወቀ አይብ ነፍሰ ጡር ላለችበት ቤት ከመጣ ደግሞ ድስት ውስጥ ከጎመኑ ጋር ገብቶ በእንፋሎት እስኪንተከተክ ይብሰል። ይሻክራል፤ ግን ይሻላል።

«ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው ፎርማጆን ይራቅ፣ አይብ ይብላ።»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሆድ የሚነፋው ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ነው። ለወራት በቆየ ቼዳር፣ ፓርሜዛንና ጎዳ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ በልተውት ከ0.1 ግራም በታች ይቀራል። አይብ ውስጥ ግን የሟሙት የወተት ንጥረ ነገሮች፣ ላክቶስን ጨምሮ፣ 3 ከመቶ ያህል ናቸው። ይህም ቢሆን ጥቂት ነው፤ ላክቶስ የማይስማማቸው አብዛኞቹ ሰዎች ባንድ ጊዜ እስከ 12 ግራም ይችላሉና ሁለቱም አይከለከሉም። የወተት አለርጂ ያለበት ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ችግሩ ከፕሮቲኑ ስለሆነ አይቡንም ፎርማጆውንም አይነካም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላነሳው ፎርማጆን በእውነት መራቅ ያለበት ሰው አለ፤ ለሳንባ ነቀርሳ አይሶናያዚድ የሚወስድ። በቆየ ቺዝ ውስጥ የሚጠራቀመው ታይራሚን የሚባል ንጥረ ነገር ከመድኃኒቱ ጋር ተጋጭቶ ፊት ማቃጠል፣ ራስ ምታትና የልብ ምት መፍጠን ሊያመጣ ይችላል። ትኩስ አይብ አልቆየምና ይህ ስጋት እምብዛም የለበትም።

«ፎርማጆ ጨው ነው፤ አይብ ጨው የለውም።»

ልክ ነው፤ ይህን ሙሉ በሙሉ እንሰጠዋለን። 100 ግራም ጎዳ 820 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም አለው፣ ፌታ 1,000 ገደማ፣ በትንንሽ ቁራጭ ታሽጎ የሚሸጠው የተቀነባበረ ቺዝ ደግሞ ከ1,300 ሊበልጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የቀን ጣሪያ 2,000 ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው ከፎርማጆ መምረጥ ካለበት ኤመንታልን ይጠይቅ፤ 190 አካባቢ ብቻ ነው። የአይብ ጨው አልባነት ግን ዋጋ ያስከፍላል፦ ጎዳ ለወራት ሲቆይ አይብ በሳምንቱ የሚበላሸው ከውኃው ብዛት ጋር በዚሁ ምክንያት ነው።

«ጎመን በአይብ ደም ማነስን ያድናል።»

አያድንም። አይብም ሆነ የትኛውም ፎርማጆ የሚጠቀስ ብረት የለውም። የጎመኑን ብረት ሰውነት እንዲወስደው የሚረዳው ሎሚ ወይም ጥሬ ቃሪያ ነው፤ ካልሲየም ደግሞ ያግደዋል። ስለዚህ ምናልባት ጸሐፊው ደስ የሚለው ነገር እንጨምር፦ ብረት ላነሰው ሰው ገበታ ላይ ከፎርማጆ ይልቅ አይብ ይሻላል፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነውና። ግን ይህ የመጀመሪያውን ነጥቡን ራሱ ካላፈረሰ አይሠራለትም። ደም ማነሱ በምርመራ የተረጋገጠ ሰው የሚታከመው ጤና ጣቢያ በሚሰጠው ብረት ነው፤ ክኒኑን ከወተት ተዋጽኦ ጋር አብሮ አይውሰድ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ያራርቀው።

«አጓቱ ውኃ ነው፤ ይደፋ።»

ከ8 ሊትር ወተት ስድስት ሊትር የሚያልፍ አጓት ይወጣል። ካልሲየሙ፣ አብዛኛው ላክቶስ፣ አሬራውን ሲያሞቁ ያልረጉት ፕሮቲኖች፣ ቢጫ አረንጓዴ መልኩን የሰጠው ቫይታሚን ቢ2 ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ወተቱ አስቀድሞ የፈላ ከሆነ ዳቦ በውኃ ፋንታ በአጓት ይቦካል፤ ኮምጣጣ ስለሆነ ግን መጀመሪያ ግማሽ በግማሽ ከውኃ ጋር መቀላቀል ይሻላል፣ አለዚያ ሊጡ ይላላል። ቂንጬም ይሠራበታል። ወተቱ ካልፈላ አጓቱም ይፍላ፤ ለጥጃ ቢሰጥ እንኳ፣ የታመመች ላም ነቀርሳ በዚያው መንገድ ወደ ጥጃው ይሻገራልና። ሲፈላ የሚንሳፈፈው ነጭ ብናኝ ቆሻሻ አይደለም፤ በ50 ዲግሪ ያመለጠው ፕሮቲን ነው። ጣልያኖች ከጣፋጭ አጓት ሲያወጡት ሪኮታ ይሉታል። ከእኛ ኮምጣጣ አጓት የሚወጣው ጥቂት ነው፣ ግን በጥሩ ሻሽ ከተለቀመ ለአንድ ልጅ ቁርስ ይሆናል።